የሌንስ የትኩረት ርቀትና የፎቶግራፍ የጥራት ጥልቀት

በማኅበራችን የፎቶግራፍ ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



 በማስታወቂያው ላይ «ሌንስ» የሚል ቃል ስላለበት የሚመጡት የፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ ይሆናሉ ብለን ነበር፤ ዳሩ ግን የሕግና የቋንቋ ተማሪዎችንም በፊታችን እናያለን። ስለዚህ ሒሳቡን በተቻለን መጠን እናሳጥረዋለን። ጨርሰን ግን አንተወውም፤ ዛሬ የተሰበሰብንበት ክርክር ያለ ቍጥር የሚፈታ አይደለምና።

ክርክሩ ይህ ነው። የፎቶግራፍ ክፍላችን ከአባሎቹ መዋጮ ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ አለች። ገንዘቧም የምትበቃው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ይገዛ ይላሉ፤ ምክንያታቸውም «ረዥም ሌንስ የጀርባውን ነገር አደብዝዞ ሰውየውን ብቻ አጥርቶ ያወጣል» የሚል ነው። ሌሎቹ ደግሞ 28 ሚሊሜትር ይሻላል ይላሉ፤ የእነርሱም ምክንያት «አጭር ሌንስ ሁሉን ነገር አጥርቶ ስለሚያሳይ፣ በምረቃ ቀን አራት ረድፍ ሰው ስናነሣ የኋለኛው ረድፍ አይደበዝዝብንም» የሚል ነው። ባለፈው ስብሰባ በዚህ ነገር ላይ ድምፅ ከፍ ከፍ ማለቱን ያልሰማ የለም። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የያዙት እኩሌታውን ብቻ ነው። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ከመጸጸት፣ ሳይወጣ ነገሩን መመርመር ይበጃል ብለን ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ እንነጋገር። የሌንስ የትኩረት ርቀት ማለት፣ እጅግ ሩቅ ከሆነ ነገር የሚመጣ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ አልፎ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ ድረስ የሚሄደው ርቀት ነው። በልጅነቱ በማጉያ መነጽር ፀሐይን ሰብስቦ ገለባ ወይም ወረቀት ያቃጠለ ሁሉ ይህን ርቀት በእጁ ለክቶታል፤ ስሙን ሳያውቀው ነው እንጂ። መነጽሩን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው የብርሃኗ ነጥብ እጅግ የምታንሰውና ጭስ የምታስነሣው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ያ ቦታ ከሌንሱ 5 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ በ200 ሚሊሜትሩ ደግሞ 20 ሳንቲሜትር።

ሁለተኛው ቃል የጥራት ጥልቀት ነው። ካሜራ በአንድ ጊዜ በትክክል ሊያጠራ የሚችለው አንድን ርቀት ብቻ ነው። በ3 ሜትር ካስተካከልነው ፍጹም ጥርት የሚለው 3 ሜትር ላይ ያለው ነገር ነው። ሆኖም ከዚያ ጥቂት ቀረብ ያለውን ወይም ጥቂት ራቅ ያለውን ዐይናችን መለየት ስለማይችል «ይህም ጥርት ብሏል» ብሎ ይቀበለዋል። እንግዲህ ዐይን ከሚቀበለው ከቅርቡ ወሰን አንሥቶ እስከ ሩቁ ወሰን ያለው ስፋት፣ እንግሊዞች ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚሉት፣ እኛም የጥራት ጥልቀት ያልነው እርሱ ነው። ነገሩ የሌንሱ ብቻ ሳይሆን የዐይናችንም መሆኑን ልብ በሉልን፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

አሁን የብርሃኑን አካሄድ እንመልከት። ለዚህ የጎጆ ጣራን የመሰለ ምሳሌ አላገኘንም። የጣራው ክብ ግርጌ የሌንሱ ቀዳዳ ነው እንበል፤ ጉልላቱ የሚቀመጥበት ጫፍ ደግሞ ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ነጥብ ይሁን። በአንድ ሰው የዐይን ብሌን ላይ ከምታበራ አንዲት ነጥብ የተነሣ ብርሃን የሌንሱን ቀዳዳ ሞልቶ ይገባና፣ እንደ ጣራው እየጠበበ ሄዶ በጫፉ ላይ እንደ ገና ነጥብ ይሆናል። ፊልሙ፣ ወይም በዛሬው ካሜራ ሴንሰሩ፣ ልክ በጫፉ ላይ ከተገኘ ነጥቧ ነጥብ ሆና ትታተማለች። ፊልሙ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ጣራውን ቢቈርጠው ግን የሚታተመው ትንሽ ክብ ነው። ከጫፉ አልፎ ቢገኝም እንዲሁ ነው፤ ብርሃኑ በጫፉ ላይ ተላልፎ መልሶ ይሰፋልና። ይህን ክብ የብዥታ ክብ እንበለው። ክቡ እጅግ ትንሽ ሲሆን ዐይን ከነጥብ አይለየውም። 24 በ36 ሚሊሜትር በሆነው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ኔጋቲቭ ላይ በልማድ የሚፈቀደው ትልቁ የብዥታ ክብ 0.03 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዛሬ የምንጠቅሳቸው ርቀቶች የተሰሉት በዚህ ልክ ነው።

የኤፍ ቍጥር የሚባለውም ከዚሁ ጣራ ጋር ይሄዳል። የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ሲከፈት ኤፍ 2 ነው፤ 6 ሚሊሜትር ከሩብ ሲሆን ኤፍ 8 ነው። ኤፍ 2 ማለት ግርጌው ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር የሆነ ዝርግ ጣራ ነው፤ ኤፍ 8 ደግሞ ሹል ጣራ። ዝርጉን ጣራ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብለን ብንቈርጠው ወዲያው ሰፊ ክብ እናገኛለን፤ ሹሉን በዚያው ልክ ዝቅ ብለን ብንቈርጠው ግን ክቡ ጠባብ ነው። ቀዳዳውን ስናጠብ ጥራቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። መነጽር የሌላቸው ሽማግሌዎች ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ለመለየት ዐይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉትም የኤፍ ቍጥር የሚባል ነገር ሰምተው አይደለም፤ ሥራው ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሰላ ተማሪ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 8 እና 200 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 8 የጣራቸው ሹልነት አንድ ከሆነ፣ የትኩረት ርቀት በጥራት ጥልቀት ላይ ምን ሥልጣን አለው?

መልሱ ጫፎቹ ያሉበት ቦታ ነው። የቅርብ ነገር ምስል ከሩቅ ነገር ምስል ይልቅ ከሌንሱ ራቅ ብሎ ይሰበሰባል። ሁለት ጓደኞቻችን፣ አንዱ ከካሜራው በ3 ሜትር፣ ሁለተኛው በ5 ሜትር ላይ ቆመዋል እንበል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የመጀመሪያው ምስል ከሌንሱ በስተኋላ 50.85 ሚሊሜትር ላይ፣ የሁለተኛው 50.51 ሚሊሜትር ላይ ይሰበሰባል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 0.34 ሚሊሜትር ነው። በ100 ሚሊሜትር ሌንስ ግን የመጀመሪያው 103.45፣ የሁለተኛው 102.04 ላይ ነው፤ ልዩነቱ 1.41 ሚሊሜትር ሆነ። የትኩረት ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የጫፎቹ መራራቅ አራት እጥፍ መሆኑን ታያላችሁ። ፊልሙን ለመጀመሪያው ጓደኛችን ካስተካከልነው፣ የሁለተኛው የብዥታ ክብ በኤፍ 8 በ50 ሚሊሜትሩ 0.04 ሚሊሜትር ያህል፣ በ100 ሚሊሜትሩ 0.17 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የመጀመሪያው ከተፈቀደው ወሰን ጥቂት ያለፈ ነው፤ ሁለተኛው ግን ማንም የሚያየው ብዥታ ነው።

ይህንኑ በጥራት ጥልቀት ብንናገረው፣ በ3 ሜትር ላይ በኤፍ 8 ስናስተካክል 50 ሚሊሜትሩ ከ2.34 ሜትር እስከ 4.19 ሜትር ያለውን ያጠራል፤ ስፋቱ 1.85 ሜትር ነው። 100 ሚሊሜትሩ ከ2.80 እስከ 3.22 ብቻ ነው፤ ስፋቱ 42 ሳንቲሜትር አይሞላም። የሚነሣው ሰው ለሰላምታ እጁን ወደ እኛ ቢዘረጋ እጁ ደብዝዞ ይወጣል።

የ200 ሚሊሜትር ወዳጆች እዚህ ላይ ማጨብጨብ መጀመራቸውን ሰምተናል። ጥቂት ይታገሡን።

ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ዐይነት አይደሉም። በ3 ሜትር ላይ 50 ሚሊሜትሩ፣ ካሜራው ቁሞ ሲያዝ፣ 2 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር ቁመት ይይዛል፤ ማለት ሰውየውን ከራስ ጠጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያነሣዋል። 100 ሚሊሜትሩ የሚይዘው 1 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሰውየውን ከወገብ በላይ ያስቀረዋል። ሙሉ ቁመቱን የፈለገ ፎቶግራፍ አንሺ 100 ሚሊሜትሩን ይዞ በ3 ሜትር ላይ አይቆምም፤ ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ። ስንት ይሄዳል? እስከ 6 ሜትር። እዚያ ቆሞ በዚያው በኤፍ 8 ቢያነሣ ጥራቱ ከ5.26 ሜትር እስከ 6.99 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ 1.73 ሜትር ነው! 200 ሚሊሜትሩን ይዞ እስከ 12 ሜትር ቢሸሽ ደግሞ ከ11.21 እስከ 12.91፤ ስፋቱ 1.71 ሜትር ያህል። ከ50 ወደ 200 ሚሊሜትር ሄደን፣ የትኩረት ርቀቱን አራት እጥፍ አድርገን፣ የጥራት ጥልቀቱ የቀነሰው በአንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ልክ ነው።

ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። የትኩረት ርቀት እጥፍ ሲሆን የጥራት ጥልቀትን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ያሳድገዋል። የአንዱን ጥፋት ሌላው ይክሰዋል። ተጣፍተው የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሰውየው በፊልሙ ላይ የያዘው መጠንና የኤፍ ቍጥሩ። እንግዲህ «ረዥም ሌንስ የጥራት ጥልቀቱ ትንሽ ነው» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ፎቶግራፍ አንሺው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው። እግር ላለው ሰው እውነትነቱ እጅግ ይቀንሳል።

የ28 ሚሊሜትር ወገኖችም በበኩላቸው የሚሰሙት አለ። ያንኑ ሰው ያንኑ ያህል አድርጎ ለማንሣት በ28 ሚሊሜትር ወደ 1 ሜትር ከ68 ሳንቲሜትር መቅረብ ያሻል። ጥራቱም ከ1.12 እስከ 3.40 ሜትር፣ ስፋቱ 2.28 ሜትር ይሆናል። እዚህ የማካካሻው ሕግ መላላት ጀመረ። ለምን ቢባል፣ አጭር ሌንስ ሃይፐርፎካል የሚባለው ርቀቱ ቅርብ ስለ ሆነ ነው። ይህ ርቀት፣ ካሜራው በእርሱ ላይ ሲስተካከል ጥራቱ ከእኩሌታው ጀምሮ እስከ ሰማይ ጠርዝ የሚዘልቅበት ርቀት ነው። በኤፍ 8 ለ28 ሚሊሜትር 3.3 ሜትር፣ ለ50 ሚሊሜትር 10.5 ሜትር፣ ለ100 ሚሊሜትር 42 ሜትር ያህል፣ ለ200 ሚሊሜትር ደግሞ 167 ሜትር ነው። የምናነሣው ነገር ወደዚህ ርቀት እየተጠጋ በሄደ መጠን የሩቁ ወሰን እየሸሸ ይሄዳል፤ ደርሶም ፈጽሞ ወሰን የሌለው ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. የኮዳክ ኩባንያ በአንድ ዶላር የሸጣት ብራውኒ የተባለች የሣጥን ካሜራ ሌንሷን የሚያስተካክል አንዳች መዘውር ሳይኖራት፣ ሕፃናት እንኳ ሥዕል ያነሡባት የነበረችው በዚሁ ብልሃት ነው። በሠለጠነ እጅ ያለ 28 ሚሊሜትር ሌንስም፣ በ3.3 ሜትር ላይ ተስተካክሎ ከተተወ፣ በጥምቀት ሰልፍ መካከል ከ1 ሜትር ከ65 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያለ ማስተካከል ያነሣል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ አንክደውም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ረዥም ሌንስ ጀርባውን ሲያደበዝዝ በዐይናችን አይተን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይታችኋል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ነው ክርክሩ የተነሣው። ጥራቱ የሚያልቅበት ወሰን አንድ ነገር ነው፤ ከወሰኑ ባሻገር እጅግ ሩቅ ያለው ነገር ምን ያህል ይደበዝዛል የሚለው ሌላ ነገር ነው። ለዚህኛው አንድ ቀላል ሕግ አለ፣ በብዙ የፎቶግራፍ መማሪያ ውስጥ ስለማይገኝ ደስ ብሎን እንናገረዋለን። እጅግ ሩቅ ያለች አንዲት ነጥብ፣ በምናነሣው ሰው አጠገብ ተለክታ ስትታይ፣ ልክ የሌንሱን ቀዳዳ የሚያህል ክብ ሆና ትሣላለች። በኤፍ 8 የ50 ሚሊሜትር ቀዳዳ 6 ሚሊሜትር ከሩብ ነው፤ ስለዚህ ከሰውየው ትከሻ በላይ የሩቅ መብራት ብትታይ ከሽምብራ ፍሬ የማትበልጥ ክብ ትሆናለች። በ100 ሚሊሜትሩ ክቧ 12 ሚሊሜትር ተኩል፣ በ200 ሚሊሜትሩ 25 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ደግሞ የካፖርት አዝራር ያህል ነው። ሰውየው በሦስቱም ሥዕሎች ላይ ቁመቱ አንድ ነው፤ ጥራቱም የሚያልቅበት ቦታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የጀርባው ብዥታ ግን በአራት እጥፍ አደገ።

በተጨማሪም ረዥሙ ሌንስ ከጀርባው የሚያሳየው ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው። በ50 ሚሊሜትር ከሰውየው ኋላ ሙሉ ሕንፃ፣ የቆመ መኪናና የተሰጣ ልብስ ሲታይ፣ በ200 ሚሊሜትር የሕንፃው አንድ መስኮት ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው «ጀርባው ጠፋ» ሲል የጠፋው በብዥታ ሳይሆን ከክፈፉ በመውጣቱ ነው።

ሁሉም ነገር ወደ ቀዳዳው መጠን እንደሚመለስ ካያችሁ፣ ሌላም ነገር ይገለጥላችኋል። ከ3 ሜትር በ50 ሚሊሜትር የተነሣውን ኔጋቲቭ መካከሉን ቈርጠን እጥፍ አድርገን ብናሳድገው፣ በ100 ሚሊሜትር የተነሣውን የመሰለ ሥዕል እናገኛለን። የሰውየው አፍንጫና ጆሮ ያላቸው መጠን እንኳ አይለወጥም፤ ይህን የሚወስነው የቆምንበት ርቀት እንጂ ሌንሱ አይደለምና። የጥራት ጥልቀቱ ግን አንድ አይደለም። ኔጋቲቩን እጥፍ ስላሳደግነው ብዥታውም አብሮ አድጓል፤ የምንፈቅደው ክብም ወደ 0.015 ሚሊሜትር መውረድ አለበት። እንዲህ ሆኖ ከ2.63 እስከ 3.49 ሜትር፣ ማለት 87 ሳንቲሜትር ያህል ይጠራል። የ100 ሚሊሜትሩ 42 ሳንቲሜትር እንደ ነበረ አስታውሱ። እጥፍ የሆነው የ50 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ በኤፍ 8 የ100 ሚሊሜትሩን እኩሌታ ስለ ሆነ ነው።

በየኪሳችን የያዝነው ስልክም ምሥጢሩ ይኸው ነው። የስልክ ዋና ሌንስ እውነተኛ የትኩረት ርቀት 10 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ቀዳዳውም የምስር ፍሬ ቢያህል ነው። ስለዚህ በስልክ የተነሣ ሥዕል ከፊት ያለውን የቡና ሲኒም ከኋላ ያለውን ተራራም ያጠራል። በ2016 አፕል ያወጣው አይፎን 7 ፕላስና ከእርሱ ወዲህ የመጡት ስልኮች የሚያሳዩት የደበዘዘ ጀርባ የሌንስ ሥራ ሳይሆን የሒሳብ ሥራ ነው፤ ማሽኑ ሰውየውን ከጀርባው ለይቶ ጀርባውን በኋላ ያደበዝዘዋል። በተጐነጐነ ጠጕር ወይም በነጠላ ጥለት ዳር ላይ ብትመለከቱ ማሽኑ የተደናገረበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ።

ከፎቶግራፍ ታሪክም ሁለት ሦስት ነገር እናንሣ። በ1932 በሳን ፍራንሲስኮ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጀን ከኒንግሃምና ጓደኞቻቸው ያቋቋሙት ማኅበር ስሙን «ኤፍ 64» ብሎ ጠራ። የደበዘዘ ሥዕልን እንደ ጥበብ የሚቈጥሩትን ሰዎች ለመቃወም፣ ከእግር ሥር ካለው ጠጠር እስከ ተራራው ጫፍ ሁሉ ይጥራ ብለው ነበር። የእኛ ተማሪ ኤፍ 64 ሲሰማ ቀዳዳው የመርፌ ቀዳዳ ይመስለዋል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከተጠቀሙባቸው ካሜራዎች መካከል ኔጋቲቫቸው 20 በ25 ሳንቲሜትር የሚሆን ይገኝባቸዋል። ለዚህ ዐይነቱ ካሜራ ልከኛ የሚባለው ሌንስ 300 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሦስት መቶን ለ64 ብናካፍል 4.7 ሚሊሜትር ይሆናል። የእኛ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 11 ቀዳዳው 4.5 ሚሊሜትር ነው። አንድ ነው ማለት ይቻላል! ስሙ ከፉከራ ይልቅ የችግር ስም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ በትልቅ ካሜራ ያንን ጥራት ለማግኘት እስከዚያ መጥበብ ግድ ነበርና። በትንሹ ፊልም ላይ ግን ቀዳዳን ያለ ልክ ማጥበብ አይጠቅምም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ራሱ ይበተናል፤ በኤፍ 22 በመበተኑ ብቻ የሚፈጠረው ክብ ወደ 0.03 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ሁሉንም እኩል ማደብዘዝ ይጀምራል ማለት ነው።

በሲኒማም በ1941 የታየው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» በጥራት ጥልቀቱ ስመ ጥር ነው። ካሜራውን የያዘው ግሬግ ቶላንድ አጭር ሌንስ፣ ብርቱ መብራትና ብርሃን ቶሎ የሚቀበል ፊልም አስተባብሮ ቀዳዳውን እያጠበበ አነሣ። እንዲያም ሆኖ የኦፕቲክስን ሕግ አልሻረም። ከፊት ብርጭቆና የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ከኋላ በሩን ሰብሮ የሚገባው ሰው የሚታዩበት ዝነኛ ትርኢት በአንድ ጊዜ የተነሣ አይደለም፤ አንዱ ፊልም ሁለቴ ተነሥቶበት የተገኘ ነው። በተቃራኒው በ1975 ስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን» በተባለው ፊልሙ የሻማ ብርሃን ትርኢቶችን ለማንሣት፣ የዛይስ ኩባንያ ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ የሠራውን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 0.7 ሌንስ ተጠቀመ። ቀዳዳው 71 ሚሊሜትር ነው፤ ከትኩረት ርቀቱ ይበልጣል! ተዋናዮቹ ጥቂት ዘንበል ካሉ ከጥራቱ ስለሚወጡ ሳይነቃነቁ ለመቀመጥ ተገደዱ። ፊልሙን ያየ ሰው ያንን ጸጥታ ለዘመኑ መኳንንት ጨዋነት ሰጥቶት ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ገንዘባችን እንመለስ። ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የሚለጠፉት ሥዕሎች አብዛኞቹ በአዳራሽ ውስጥ በረድፍ የቆሙ ሰዎች ናቸው። አራት ረድፍ፣ በየረድፉ መካከል 80 ሳንቲሜትር ቢኖር፣ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው 2 ሜትር ከ40 ነው። የፊተኛው ረድፍ በ4.5 ሜትር ላይ ቢቆም የኋለኛው 6.9 ሜትር ላይ ነው። አዳራሹ ጨለም ያለ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ የሚነሣው በኤፍ 2 ነው። 50 ሚሊሜትራችን በ5 ሜትር ላይ ተስተካክሎ በኤፍ 2 የሚያጠራው ከ4.47 እስከ 5.67 ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ረድፍ ማለት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ለምን እንደሚደበዝዙ አሁን አያከራክረንም። ያው ሌንስ በኤፍ 8 ግን ከ3.39 እስከ 9.53 ሜትር ያጠራል፤ አራቱን ረድፍ ከነትርፉ።

28 ሚሊሜትር ብንገዛስ? ያንኑ ሰው ሁሉ በክፈፉ ውስጥ ለመያዝ ከፊተኛው ረድፍ ወደ 2 ሜትር ተኩል መቅረብ አለብን። በኤፍ 2 በ3.3 ሜትር ላይ ብናስተካክለው ጥራቱ ከ2.64 እስከ 4.40 ሜትር ነው፤ ረድፎቹ ግን ከ2.52 እስከ 4.92 ናቸው። ከፊትም ከኋላም ጐደለ። ከዚህ የከፋ ሌላ ነገርም አለ፤ ስለ ቀረብን የኋለኛው ረድፍ ራሶች የፊተኛውን ረድፍ ራሶች እኩሌታ ብቻ አክለው ይወጣሉ። የምረቃ ሥዕሉን ለእናቱ የሚልክ የኋለኛ ረድፍ ተመራቂ ምን እንደሚለን እናንተው ገምቱ።

200 ሚሊሜትር ደግሞ በኳስ ሜዳና በሩጫ ውድድር፣ ወደ ተጫዋቹ መጠጋት በማይፈቀድበት ቦታ፣ ተወዳዳሪ የለውም። በዚህ ምክንያት ግዙ የሚል ቢኖር ምክንያቱ ትክክለኛ ስለ ሆነ እንደግፈዋለን፤ ተራው ግን ገና ነው። በአዳራሹ ውስጥ ለሰዎች ሥዕል የሚፈልጉት ከሆነ፣ ወደ ኋላ የሚሸሹበት 12 ሜትር ባዶ ቦታ አስቀድመው ይፈልጉልን።

ስለዚህ የእኛ አሳብ የሚገዛው ዕቃ ጠንካራ ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ይሁን የሚል ነው። ከኤፍ 2 ወደ ኤፍ 8 ስንሄድ ብርሃኑ ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል፤ በ60ኛ ሴኮንድ የተነሣው ሩብ ሴኮንድ ይፈልጋል። ሩብ ሴኮንድ ካሜራን በእጅ ይዞ የማይንቀጠቀጥ ሰው የለም፤ በማቆሚያ ላይ ግን ማንም ያነሣል። የሚነሡትም ሰዎች ለሩብ ሴኮንድ ትንፋሻቸውን መያዝ አያቅታቸውም፤ አያቶቻችን በፎቶ ቤት ወንበር ላይ ከዚያ የበለጠ ታግሠዋል። ከገንዘቡ የሚተርፍ ካለ ለሚቀጥለው ሌንስ መነሻ ይሁን።

ድምፅ የሚሰጠው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቍጥሮቻችንን ሳይመረምር የሚያምን እንዳይኖር፣ አሁን ከአዳራሹ ወጥተን በሣሩ ላይ በየ20 ሳንቲሜትሩ ችካል ተክለናል፤ የተዋስናቸው የ50፣ የ100ና የ200 ሚሊሜትር ሌንሶችም ተዘጋጅተዋል። በ3፣ በ6ና በ12 ሜትር ላይ ቆመን እናነሣለን፤ ጥርት ያሉትን ችካሎች ቍጠሩ። መካከል ላይ የሚቆም አንድ ረዥም ሰው ብቻ ያስፈልገናል። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል።